ኒሻን የሚናገረውና የማይናገረው፤ ስለ ካናዳ አየር ኃይል የጦርነት አገልግሎትና ሽልማት

በወታደር ደረት ላይ ኒሻን ያየ ሰው ሁሉ «ይህ ሰው ጀግና ነው» ብሎ ያከብረዋል፤ ማክበሩም የተገባ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር መጠየቅ ያሻል፤ ይኸውም፥ ኒሻኑ የሚመሰክረው ምኑን ነው? ደረቱ ባዶ የሆነው ሰውስ ጀግንነት ጐድሎታል ማለት ነውን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋውን የካናዳ አየር ኃይል ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ። ይህን ምሳሌ የመረጥኩበት ምክንያት የሽልማቱ ደንብ በግልጽ የተወሰነ፣ የተሸላሚዎቹም ሥራ በመዝገብ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ነገሩን እየመዘኑ ለመከታተል ስለሚያመች ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአየር ኃይሉ አመሠራረትና አገልግሎት

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካናዳ በጦር ሜዳ የሚዋጋ የራስዋ አየር ኃይል ስላልነበራት፣ ልጆችዋ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ገብተው ይበሩ ነበር። ከነዚያም መካከል ዊልያም ቢሾፕ የተባለው አብራሪ በ1917 የቪክቶሪያ መስቀል ተሸልሟል። የካናዳ ንጉሣዊ አየር ኃይል ተብሎ የሚጠራው ድርጅት የተቋቋመው አፕሪል 1 ቀን 1924 ነው።

ካናዳ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1939 በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ይህ አየር ኃይል ገና ትንሽ ነበር። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን ወደ 250,000 የሚጠጉ ሰዎች አገልግለውበታል። ከነዚህም ውስጥ 17,000 ያህሉ ከ1941 ጀምሮ በተቋቋመው የሴቶች ክፍል የተመዘገቡ ነበሩ። በአገልግሎት ላይ ሳሉ የሞቱት ቍጥራቸው ከ17,000 በላይ ነው።

ሥራቸው ብዙ ዓይነት ነበር። አንደኛው ሥራ ማስተማር ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 1939 በተፈረመው ስምምነት መሠረት፣ ካናዳ ለእንግሊዝ፣ ለአውስትራልያ፣ ለኒውዚላንድና ለራስዋ የሚሆኑ አብራሪዎችንና ሌሎች በራሪዎችን ማሠልጠን ጀመረች። ሥልጠናው እስከ 1945 ሲካሄድ 131,553 ሰዎች ተመርቀዋል። ሁለተኛው ሥራ ቦምብ መጣል ሲሆን፣ ለዚህም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1943 ጀምሮ የካናዳውያን የሆነ 6ኛ ግሩፕ የተባለ የቦምብ ጣይ ክፍል በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተቋቁሞ ነበር። ሦስተኛው ባሕርን መጠበቅና የጠላትን ሰርጓጅ መርከቦች ማሳደድ ነው። አራተኛውም በተዋጊ አይሮፕላን ከጠላት አይሮፕላኖች ጋር ፊት ለፊት መግጠም ነው።

የሽልማቱ ዓይነትና ደንብ

ካናዳውያን በዚያን ጊዜ የሚሸለሙት የእንግሊዝን ንጉሥ ሽልማት ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው በ1856 የተመሠረተው የቪክቶሪያ መስቀል ነው። ከነሐስ የተሠራ ሲሆን ማንኛውም ወታደር፣ መኰንንም ቢሆን ተራ ወታደር፣ ሊሸለመው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት የአየር ኃይል ሽልማቶች ግን በማዕረግ የተከፈሉ ነበሩ። በ1918 በወጣው ደንብ መሠረት፣ ከጠላት ጋር ሲዋጋ በበረራ ላይ ጀግንነት የፈጸመ መኰንን የበረራ መስቀል (ዲ.ኤፍ.ሲ.) ይሰጠው ነበር፤ ያንኑ ሥራ የሠራ ባለሌላ ማዕረግ ደግሞ የሚሰጠው የበረራ ሜዳይ (ዲ.ኤፍ.ኤም.) ነው። ከመኰንኖችም መካከል እጅግ የላቀ አገልግሎት ያበረከተ የላቀ አገልግሎት ኒሻን (ዲ.ኤስ.ኦ.) ይቀበላል። ጠላት በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በማስተማር ላይ፣ ብርቱ ሥራ ለሠራ መኰንን የአየር ኃይል መስቀል (ኤ.ኤፍ.ሲ.) ተመድቧል። በጦር አዛዡ ሪፖርት ላይ ስም በምስጋና መጠቀስም አንድ የክብር ዓይነት ነው።

ሽልማቱ የሚገኝበት መንገድ እንዲህ ነበር። የጓዱ አዛዥ ስለ ሰውየው የድጋፍ ጽሑፍ ይጽፋል። ጽሑፉ በየደረጃው ባሉት አለቆች እጅ ካለፈ በኋላ ይጸድቃል፤ ከዚያም በሎንዶን በሚታተመው የመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል። ስለዚህ የሽልማት ሁሉ መነሻ የሰው ምስክርነት ነው። ያየ ከሌለ የሚጽፍ የለም፤ የሚጽፍ ከሌለም የሚሸለም አይኖርም።

ማዕረግ ሽልማትን እንዴት እንደሚለይ ለመረዳት የጆርጅ በርሊንግን ታሪክ ማየት ይበቃል። ይህ ሰው በ1942 በማልታ ደሴት ላይ እየበረረ ብዙ የጠላት አይሮፕላን የጣለ ዝነኛ ተዋጊ ነው። በመጀመሪያ ባለሌላ ማዕረግ ሳለ የበረራ ሜዳይ ሁለት ጊዜ ተሸለመ። በዚያው ዓመት መኰንን ሲሆን ግን የተሰጡት የበረራ መስቀልና የላቀ አገልግሎት ኒሻን ናቸው። ደሴቲቱ ያቺው ናት፤ ሰማዩም ያው ነው፤ ሰውየውም ያው ነው። የተለወጠው ማዕረጉ ነበር።

ስምንት ሰዎች በአንድ ጀልባ

ጁን 24 ቀን 1944 ሻምበል ዴቪድ ሆርኔል ካንሶ የተባለውን፣ በውኃም በምድርም ላይ ለማረፍ የሚችለውን አይሮፕላን ይዞ ከሸትላንድ ደሴቶች በስተሰሜን ባለው ባሕር ላይ ይጠብቅ ነበር። ከርሱም ጋር ሰባት ባልደረቦች ነበሩ። በባሕሩ ላይ አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ባዩ ጊዜ ሊመቱት ወረዱ። መርከቡ በመድፍ ተከላከለና አይሮፕላኑን ክፉኛ መታው፤ የቀኙ ሞተርና ክንፉም ተቃጠሉ። ሆርኔል ግን አልተመለሰም። ወደ መርከቡ ቀርቦ ቦምቡን ጣለና አሰጠመው። ወዲያው የሚነደው ሞተር ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሆርኔልም አይሮፕላኑን እንደ ምንም ብሎ በማዕበሉ ላይ አሳረፈው።

ለስምንቱ ሰዎች የተረፈቻቸው አንዲት የጎማ ጀልባ ብቻ ነበረች። ሁሉንም ስለማትችል እየተፈራረቁ በቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ሆነው ጠርዝዋን ይዘው ይቈዩ ነበር። ሊረዳቸው የመጣ አይሮፕላን የጣለላቸው ትልቅ ጀልባ በነፋስ ተወስዶ ራቀባቸው። ሆርኔል ምንም እንኳ ቢደክም ዋኝቼ ላምጣው ሲል ባልደረቦቹ ከለከሉት። በዚህ ዓይነት 21 ሰዓት ያህል ቈዩ። ሁለቱ መካኒኮች በብርድ ሞቱ። መርከብ ደርሶ የቀሩትን ቢያወጣቸውም፣ ሆርኔል ዓይኑ ማየት ተስኖት ነበር፤ ጥቂት ቈይቶም ሞተ።

አሁን ሽልማታቸውን እንመልከት። ሆርኔል የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው፤ ሽልማቱም የተገለጸው ጁላይ 28 ቀን 1944፣ ማለት አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ረዳት አብራሪው የላቀ አገልግሎት ኒሻን ተቀበለ። ሁለት መኰንኖች የበረራ መስቀል፣ ሁለት ባለሌላ ማዕረጎች የበረራ ሜዳይ ተሸለሙ። በባሕር ላይ የሞቱት ሁለቱ መካኒኮች ግን ስማቸው በሪፖርት ተጠቀሰ እንጂ መስቀልም ሜዳይም አልተሰጣቸውም።

ይህ የሆነው እነርሱን ለመናቅ አይደለም፤ ደንቡ ስለሚከለክል ነው። በዚያ ጊዜ በነበረው ሕግ፣ ከጠላት ጋር ሲዋጋ ለሞተ ሰው ከሞቱ በኋላ ሊሰጠው የሚቻለው ወይ ከሁሉ የበላይ የሆነው የቪክቶሪያ መስቀል ነው፣ ወይም በሪፖርት መጠቀስ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ለሕያዋን የተተወ ነበር። ከአራት ሺህ በላይ የካናዳ አየር ኃይል መኰንኖች የበረራ መስቀል መሸለማቸውን ስናነብ፣ ይህ ቍጥር በውጊያው ጊዜ ሞተው የቀሩትን እንደማይጨምር ማስታወስ ይገባናል።

አንድ ምስክር

ሁለተኛው ታሪክ የአንድሩ ሚናርስኪ ነው። ሚናርስኪ ከፖላንድ ከመጡ ወላጆች በ1916 በዊኒፔግ ከተማ ተወለደ። በ419ኛው ጓድ ውስጥ፣ ላንካስተር በተባለው የቦምብ ጣይ አይሮፕላን ላይ ከመካከል ሆኖ የሚተኵስ መትረየሰኛ ነበር። ከጁን 12 ወደ 13 አጥቢያ 1944፣ በፈረንሳይ አገር በካምብሬ ያለውን የባቡር ጣቢያ ለመምታት ሲሄዱ የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አይሮፕላን መታቸው። ሁለቱ የግራ ሞተሮች ቆሙ፤ እሳትም ተነሣ። አዛዡ ሁሉም በጃንጥላ እንዲወርዱ አዘዘ።

ሚናርስኪ ወደ መውጫው ደርሶ ሊዘል ሲል፣ በጅራቱ በኩል ያለው መትረየሰኛ ፓት ብሮፊ ከመቀመጫው መውጣት እንዳቃተው አየ። የሚቀመጥበት የመስተዋት ክፍል አልዞር ብሎ ተቈልፎበት ነበር። ሚናርስኪ መውጫውን ትቶ በእሳቱ ውስጥ እየዳኸ ወደ ጓደኛው ሄደ። በመጥረቢያና በእጁ ለማስለቀቅ ታገለ፤ አልሆነም። ልብሱና ጃንጥላው ሲነድ ያየው ብሮፊ ትቶት እንዲሄድ በእጁ ምልክት ሰጠው። ሚናርስኪ ፊቱን ወደ ብሮፊ እንዳደረገ ወደ ኋላው ዳኸ፤ መውጫው ሲደርስም ቀጥ ብሎ ቆመና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቶት ዘለለ። በምድር ላይ ፈረንሳውያን አገኙት፤ ነገር ግን ቃጠሎው ጸንቶበት ሞተ።

አይሮፕላኑ መሬት ሲመታ ብሮፊ ከተቈለፈበት ተወርውሮ ወጣና በሕይወት ተረፈ። ሌሎቹም አምስት ባልደረቦች ተርፈዋል። ነገር ግን በአይሮፕላኑ ጅራት የሆነውን ያየ ከብሮፊ በቀር ማንም አልነበረም። ብሮፊ ከፈረንሳውያን አርበኞች ዘንድ ተደብቆ ከቈየ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ያየውን ተናገረ። ታሪኩ ተጣርቶ ለሚናርስኪ የቪክቶሪያ መስቀል መሰጠቱ የተገለጸው ኦክቶበር 11 ቀን 1946 ነው። ይህም ከሞተ ከሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ለሆርኔል አምስት ምስክሮች ነበሩለትና አንድ ወር በቃ፤ ለሚናርስኪ አንድ ምስክር ብቻ ነበረውና ሁለት ዓመት ፈጀ።

እንግዲህ እናስብ፤ ብሮፊም በዚያች ሌሊት ሞቶ ቢሆን ኖሮስ? ሚናርስኪ ያንኑ ሥራ ሠርቶ፣ ያንኑ ሞት ሞቶ፣ በመዝገብ ላይ ስሙ ብቻ ይቀር ነበር። በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ጦር ውስጥ ካገለገሉት ካናዳውያን ወደ 10,000 የሚጠጉት ሞተዋል። ከብዙዎቹ አይሮፕላኖች ውስጥ አንድም ሰው አልተረፈም። በነዚያ አይሮፕላኖች ውስጥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ማን ለማን ሲል መውጫውን እንደ ተወ የሚናገር የለም።

የማይታዩት

ከዚህም በላይ፣ ከአየር ኃይሉ ሰዎች የሚበዙት ከቶ አይበሩም ነበር። ሞተር የሚጠግኑ፣ ቦምብ የሚጭኑ፣ ጃንጥላ የሚያጥፉ፣ ሬድዮ የሚያዳምጡ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። በሌሊት በዝናብ ውስጥ ቆሞ ሞተሩን በሚገባ ያጠበቀው መካኒክ ሰባት ሰዎችን ከሞት አድኖ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን አይሮፕላኑ በሰላም ሲመለስ ምንም አልሆነምና የሚጻፍለት ነገር አይገኝም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉት፣ አንዱ አብራሪ በደረቱ ላይ ያደረገው ጌጥ ብዙ ሰዎች የተሸከሙት ሥራ ነው።

ለሟቾች እናቶችና ሚስቶች የካናዳ መንግሥት በ1919 የደነገገው የብር መስቀል አለ። ይህ መስቀል ሟቹ ጀግንነት ሠራ ወይም አልሠራም ብሎ አይጠይቅም፤ ማዕረጉንም አይመለከትም። የሚመሰክረው ልጅ ሄዶ አለመመለሱን ብቻ ነው።

መደምደሚያ

የሽልማቱ ደንብ ከጊዜ በኋላ ተሻሽሏል። ከሞት በኋላ ስለሚሰጠው ሽልማት የነበረው ክልከላ በ1979 ተነሥቷል። በ1993 ደግሞ እንግሊዝ በመኰንንና በባለሌላ ማዕረግ መካከል የነበረውን የሜዳይ ልዩነት አስቀርታለች። በዚያው ዓመት ካናዳም የራስዋን የቪክቶሪያ መስቀል መሥርታለች። በዊኒፔግ ከተማም በሚናርስኪ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ይገኛል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ኒሻን የታየውን ጀግንነት ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም እውነተኛ ስለ ሆነ ልናከብረው ይገባል። ነገር ግን ኒሻን የሌለው ደረት ጀግንነት እንደሌለ አይመሰክርም። በእኛም ቤት፣ በእኛም ሰፈር ብዙ ያዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። ስለ ሌላው ሰው መልካም ሥራ የሚያውቁትን ዛሬ ብንጠይቃቸው፣ ብንሰማቸው፣ ብንጽፍላቸው፣ ምናልባት ከአንድ ሰው በቀር ማንም ያላየው ታሪክ ከመጥፋት ይድናል። ብሮፊ በሕይወት ተርፎ ያደረገው ታላቅ ነገር ይህ ነው፤ ያየውን ተናገረ።