በድርቆሽ ውስጥ ስለሚሰወር መርዛም አረም

የከብት ሀብት መሠረቱ መኖ ነው። ባላገር ላሙ ስትከሳበት የሣርን ማነስ ያስባል፤ ሣር በዝቶ ሳለ ብትታመምበት ግን ምክንያቱን በውሃ፥ በብርድ ወይም በሰው ዓይን ያሳብባል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጠላቱ በገዛ እጁ አጭዶ ወደ በረት ያስገባው ድርቆሽ ነው። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ለሕዝቡ ያስረዱ ዘንድ ይህ ትምህርት ባጭሩ ተጽፏል።

ከብት ስለ ምን ይሳሳታል

እግዚአብሔር ለእንስሳ መራራውን ከጣፋጩ የሚለይበት አፍንጫና ምላስ ሰጥቶታል። ስለዚህ ሣር በሞላበት መስክ የተሰማራች ላም መርዛሙን ተክል እያለፈች ደኅናውን ትግጣለች። ይህ ጥበቃ የሚፈርሰው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ረኃብ ነው፤ መስኩ በተራቆተ ጊዜ ከብት ያገኘውን ይበላል። ሁለተኛው ማድረቅ ነው፤ አንዳንዱ አረም ከሣር ጋር ታጭዶ ሲደርቅ ምሬቱ ይቀንሳል፥ መርዙ ግን አይጠፋም። ተሰባብሮም ከሣሩ ጋር ስለሚቀላቀል ከብቱ ሊመርጥ አይችልም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው በአውሮፓ መስኮች የሚበቅለው፥ አበባው ብጫ የሆነው ሴኔሲዮ የተባለ አረም ነው። ፈረስና ከብት እርጥቡን ይሸሹታል፥ በድርቆሽ ውስጥ ግን ይበሉታል። መርዙ ጉበትን ቀስ በቀስ ስለሚያበላሽ ሕመሙ ከወራት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአረም ሕግ ይህን ተክል ጐጂ ከተባሉት ጋር ቈጥሮታል። በአገራችንም በትግራይ ሰሜን ምዕራብ በአንድ መንደር የታየው የጉበት በሽታ ሲመረመር፥ አጌራተም ከተባለ አረም የሚገኝ የዚሁ ወገን መርዝ በእህል ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ ጉዳቱ በበረት ብቻ የሚቀር አይደለም።

በአገራችን ሊታወቁ የሚገባቸው

አስተናግር፥ አጤ ፋሪስም የሚባለው፥ ቅጠሉ ሰፊ፥ አበባው እንደ መለከት የተከፈተ ነው። ፍሬው እሾህ የለበሰ ሆኖ ሲደርስ በአራት ይሰነጠቃል። መርዙ በተክሉ ሁሉ አለ፥ በዘሩም ይበረታል፤ በመድረቅም አይጠፋም። የበላው እንስሳ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፥ አፉ ይደርቃል፥ ሆዱ ይነፋል፥ እየተንገዳገደም ይሄዳል።

ፓርቴኒየም፥ በአማርኛ ቅንጨ አረም፥ በምሥራቅ ፋራምሲሳ የሚባለው፥ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ፥ አበባው ትናንሽና ነጭ ነው። ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ አንዱ ተክል እስከ 25,000 የሚደርስ ዘር ሊሰጥ ይችላል። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፥ አፏና ቆዳዋ ይቈስላል። ከመኖው ከመቶ 10 እጅና ከዚያ በላይ ይህ አረም ሲሆን ከብትን ሊገድል እንደሚችል በሕንድ አገር በተደረገ ምርመራ ታውቋል። የሚነካውንም ሰው ቆዳ ያሳክካል።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ ሥራ

፩ኛ፤ በነሐሴና በመስከረም፥ ከአጨዳ አስቀድሞ፥ የተከለለውን መስክ ከባለቤቶቹ ጋር በእግር መዞር። አረሙ ሳያብብ እጅን ሸፍኖ ከነሥሩ መንቀል፤ አብቦ ከተገኘ ዘሩ ሳይራገፍ ሰብስቦ ማቃጠል።

፪ኛ፤ አረም የበዛበትን ማዕዘን ለብቻው ማጨድ፥ ከደኅናው ክምር ጋር አለመቀላቀል።

፫ኛ፤ ድርቆሽ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ እንደሚጫን ሁሉ በብዙ ስፍራ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል፤ ዘርም አብሮት ይጓዛል። ስለዚህ የተገዛውን እስር ፈትቶ መመርመር፥ በአንድ ስፍራ ብቻ ማብላት፥ ያንንም ስፍራ በሚመጣው ክረምት መጠበቅ።

፬ኛ፤ መስክን ከልክ በላይ አለማስጋጥ፤ የተራቆተ መሬት ለአረም የተከፈተ በር ነውና።

፭ኛ፤ ከብት ሲታመም ድርቆሹን ወዲያው ማንሣት፥ ከእርሱም ጥቂት በከረጢት አኑሮ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት። ድርቆሹ ከተጣለ ግን ሐኪሙ ምክንያቱን ለማወቅ ይቸግረዋል።

በወንጌል ስለ ስንዴና ስለ እንክርዳድ በተነገረው ምሳሌ ባለቤቱ ሁለቱን እስከ መከር ታግሧል፤ በመከር ቀን የሚለዩ አጫጆች ነበሩትና። ድርቆሽ የሚያጭድ ሰው ግን ሣሩንና አረሙን በአንድ ማጭድ ይቈርጣል፥ በአንድ እስርም ያስራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለይ የለም። አንዲት ጥገት ላም ብቻ ላለችው ቤተ ሰብ የእርሷ ሞት የልጆች ወተት መቋረጥ ነው። ስለዚህ የመስክ አረም መለያው ጊዜ ማጭድ ሳይነሣ እንደ ሆነ ለየባላገሩ በጊዜው እንዲነገር አደራ እንላለን።