የመስኖ ሞተር የነዳጅ ፊልትሮን በማሳ ላይ በጥንቃቄ መቀየር

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በአርዲቦ ዙሪያ በበጋ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አርሶ አደር ሥራው በውሃ መሳቢያ ሞተሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰብሉ አበባ ሲይዝ ወይም ሽንኩርቱ ሲያኮርት ሞተር ቢቆም የወራት ልፋት በጥቂት ቀናት ይጎዳል። ለሞተር መቆም ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ነው። ቅያሬው ከባድ ባይሆንም ሳይጠነቀቁ ከሠሩት ግን እሳት ያስነሳል፣ አካል ይጎዳል፣ ሐይቁንም ይበክላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ጥንቃቄው አስቀድሞ ነው።

የመደፈን ምልክቶች

ሞተሩ ቶሎ አይነሳም፤ ሥራ ሲበዛበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል። ናፍጣ በአሮጌ ጀሪካን ሲመላለስ አቧራ፣ ዝገትና ውሃ ይዞ ይገባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታንከሩ ሥር ይተኛል፤ ወደ ነዳጅ ፓምፑና ኖዝሉ ከደረሰም ያዝጋቸዋል።

የመቀየሪያ ጊዜው በአምራቹ መመሪያ ይወሰናል። ለምሳሌ መመሪያው 200 ሰዓት ቢል፣ በቀን 5 ሰዓት የሚሠራ ሞተር በ40 ቀን ፊልትሮ ይቀየርለታል ማለት ነው። ስለዚህ የሠራበትን ሰዓት በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ዝግጅት

ለሞተሩ ሞዴል የሚሆን አዲስ ፊልትሮ፣ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ክዳን ያለው ጀሪካንና አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ያዘጋጁ። ሞተሩን ከውሃው ዳር አርቀው ሜዳ ላይ ያስቀምጡ። ልጆችን ያርቁ። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ኩራዝና የቡና ከሰል በአካባቢው አይኑር። ሥራው በቀን፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ አይሠራ።

የናፍጣ ሞተር ፊልትሮ አቀያየር

1. ሞተሩን ያጥፉ፤ የጭስ ማውጫው በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ነዳጅ የጋለ ብረት ላይ ቢፈስ ሊቀጣጠል ይችላል።
2. የፊልትሮውን ዙሪያ በጨርቅ ይጥረጉ፤ አቧራው ወደ ውስጥ እንዳይገባ።
3. የነዳጅ መዝጊያውን ይዝጉ። መዝጊያ ከሌለው ነዳጁን ወደ ጀሪካን ያጋቡ። በአፍ ስቦ ማውጣት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።
4. ሳህኑን ከሥር አድርገው አሮጌውን ፊልትሮ ይፍቱ። አሮጌው የጎማ ቀለበት ተጣብቆ እንዳይቀር ይመልከቱ።
5. አዲሱን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። ቀስት ካለው ቀስቱ ነዳጁ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ይዙር። የጎማ ቀለበቱን ናፍጣ ቀብተው ያስገቡ፤ በእጅ የሚጠብቀውን በመፍቻ አያስጨንቁ።
6. መዝጊያውን ይክፈቱ፤ የአየር ማስወጫውን ቡሎን ጥቂት ያላሉ። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወርድ ያጥብቁ። አየር ከቀረ ሞተሩ አይነሳም።
7. የፈሰሰውን ይጥረጉ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ለ10 ደቂቃ ያህል የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ይመልከቱ።

የወረቀት ፊልትሮ አጥቦ መመለስ ቁጠባ አይደለም፤ ወረቀቱ ተቀዶ ቆሻሻውን ያሳልፋል።

የቤንዚን ሞተር ከሆነ

ቤንዚን ከናፍጣ ይልቅ አደገኛ ነው። በተለመደው የአየር ሙቀት ይተናል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ተስቦ ራቅ ያለ እሳት ጋር ይደርሳል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ።

አደጋ ቢደርስ

የነዳጅ እሳት በውሃ አይጠፋም፤ ውሃው ያሰራጨዋል። አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ያልብሱት። ነዳጅ የዋጠን ሰው እንዲያስመልሰው አያድርጉ፤ ነዳጁ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ይጎዳዋል፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የኖዝልን ርጭት በእጅ አይሞክሩ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያክልም በዚያው ቀን ሆስፒታል መታየት አለበት።

ለሐይቁ ጥንቃቄ

አርዲቦ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሲሞላ ትርፍ ውሃው ወደዚያው ይወርዳል። ሎጎ ደግሞ በወንዝ የሚወጣበት መንገድ የለውም። አርዲቦ ዳር የተደፋ ናፍጣ በውሃው ላይ ተንሳፎ ዓሣውንና ከብት የምናጠጣበትን ዳርቻ ይጎዳል። አሮጌ ፊልትሮ፣ ያደፈ ናፍጣና ጨርቅ ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ጋራዥ ወይም ነዳጅ ማደያ ለሚረከብ ሰው ይሰጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በልማት ቡድናችሁ ያሉ ሞተሮች ፊልትሯቸው መቼ ተቀየረ? የሚያውቅ አለ?
2. ናፍጣ በምን ዕቃ ይመጣል? የትስ ይቀመጣል? ከምድጃና ከልጆች ምን ያህል ይርቃል?
3. በቀበሌው አሮጌ ፊልትሮ የሚሰበሰብበት ቦታ የት ይሁን? ኃላፊውስ ማን ይሁን?

የተግባር ሥራ፦ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በልማት ጣቢያው ባለሙያ ፊት አንድ ፊልትሮ ይቀይር፤ ከዚያም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሞተር ላላቸው ጎረቤቶቹ ሠርቶ ያሳይ።