ቤት በደላላ ስንገዛ

ውድ እህቶች፣ ሙዋይለህ ሆነን አዲስ አበባ ቤት ስንፈልግ ደላላው ፎቶ ይልክና «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብዱን ዛሬ ላኪ» ይላል። የድለላ ክፍያውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ ይቸኩላል። እኛ ግን የስንት ዓመት ላባችን ነውና አንቸኩል።

1. የምናምነው ሰው ቤቱን በቀን ሄዶ ይየው። ውኃና መብራቱን ይሞክር፤ የማን ቤት እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቅ።

2. በካርታው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ይመሳከር። ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ይጣራ። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ።

3. በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ደላላው ቢሮ የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

4. መሄድ ካልቻልን ዱባይ ባለው ቆንስላችን በኩል ውክልና እንስጥ፤ ለደላላው ግን አይሁን። የትኛው ቤት፣ እስከ ስንት ብር፣ በማን ስም እንደሚገዛ ይጻፍበት። ወኪላችን ወንድማችን ቢሆንም ካርታው በራሳችን ስም ይዙር።

ቀብድ የሚከፈለው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ቀብድ ከፍሎ ሐሳቡን የለወጠ ገዢ ገንዘቡ ይቀርበታልና።