ትምህርት ቤት ያልሄደ ልጅ ሁሉ ቀሪ ነውን?

ልጁን ትምህርት ቤት ያልላከ ወላጅ በሕግ ይጠየቅ የሚለው አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ዐፄ ምኒልክ ዕድሜው ከስድስት ዓመት ያለፈ ልጅ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ እንዲማር ዐውጀው ነበር። ልጁን ያላስተማረ ወላጅ ሲሞት ንብረቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲገባ ያዛል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ልጁን ማንበብና መጻፍ ያላስተማረ 50 ብር እንዲቀጣ ታዘዘ፤ ቅጣቱም ለድሆች መመገቢያ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ ነው። የገጠር አድባራት አለቆች የአጥቢያቸውን ልጆች እንዲያስተምሩ፣ እምቢ ያለም ከሹመቱ እንዲሻር ተነገረ። በቂ መምህር ስላልነበረ ትእዛዙ ብዙ ርቆ አልሄደም።

ሁለተኛው ትእዛዝ የጠየቀው ልጁ ማንበብ መቻሉን እንጂ የት ቤት ተቀምጦ እንደ ተማረ አይደለም። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ከየጥኖራ እስከ ብቸና፣ ከብቸናም እስከ ሞጣ ያለው ምድር የአብነት ትምህርት ቤት ምድር ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረው ነው በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገቡት። ዳዊት ደግሞ ቅኔ የሚቆጥረውን የቆሎ ተማሪ በመዝገብ «ቀሪ» ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። ሒሳብና ሳይንስ ግን ይጎድሉበታል፤ ይህንንም መሸፈን አይገባም።

የስም መዝገቡን የምንቀው ግን አይደለም። «ቤት ትማራለች» የተባለች ልጅ ውኃ ስትቀዳና ጥጥ ስትፈትል ውላ፣ ሳትጠየቅ ለጋብቻ የታጨች ልትሆን ትችላለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ መጣሱን ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ስም የሚጠራው መምህር ነው። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታና ነፃ ይሁን ይላል።

በውጭ አገር ፍርዱ አንድ ዓይነት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ላልላኩ የአሚሽ ሃይማኖት ወላጆች ፈረደላቸው። ጀርመን ግን በቤት ማስተማርን አትፈቅድም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2019 እ.ኤ.አ. ለጀርመን መንግሥት ፈርዷል። እዚያ ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ይህ ተራ ወሬ አይደለም።

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በሩ በተዘጋበት ቀበሌ ወላጅን በቀሪነት መክሰስ ከቶ እንዴት ይሆናል? ይልቅስ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በየቤቱ መምህር መሆን አለበት። ከአሥረኛ ክፍል የደረሰ ወንድም ለታናናሾቹ ማባዛትና ማካፈል ያሳይ፤ እኅቶችም ከወንዶቹ እኩል ይቀመጡ። የተማሩት በደብተር ከነቀኑ ይጻፍ፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መምህሩ ያንን ደብተር አይቶና ልጁን ፈትኖ በሚመጥነው ክፍል ያስገባው ዘንድ።