ቮልስህን ከኋላ ጀምር

ይድረስ ለጎረቤቴ ልጅ፤

ቮልስ ገዝተህ ግቢ ማስገባትህን አይቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለህ። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በየግቢው ሸራ ለብሶ የከረመ አሮጌ መኪና ሁሉ ፈላጊ አግኝቷል። አሁን ሰፊ ጎማ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬና «ጠንካራ» የኋላ አክስል አምሮሃል አሉ። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት እነዚህን ስማኝ።

1. የምታየውን የአሜሪካኖችን የመኪና ቪዲዮ ለጊዜው ዝጋው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ 6.4 ሊትር ሞተርና 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እነሱ አክስል የሚያጠነክሩት ሞተሩ እንዳይሰብረው፣ ጎማ የሚያሰፉትም ከቆመበት ሲነሳ መሬቱን እንዲቆነጥጥ ነው። ያንተዋ 1300 በወረቀት 40 ፈረስ ናት፤ እሱም በባሕር ወለል። ሰፈራችን ሳሊተ ምሕረት ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተር ያለው ሞተር አንድ አምስተኛ ጉልበቱንና ከዚያም በላይ ያጣል። ስለዚህ የምትነዳው 30 ፈረስ ግድም ነው። ይህ ጉልበት የሚሰብረው አክስል የለም። ለዚሁ ሲባል የዲፈረንሻሉን ጥርስም አትንካ፦ በአሮጌዎቹ 1200ዎች ያለው 4.375 ለኛ ዳገት ይስማማል፤ ከኋለኞቹ 1600ዎች የወጣ 3.875 ቢገጥሙልህ ወደ እንጦጦ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትክ ነው።

2. ቸርኬ ከመምረጥህ በፊት የኋላውን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ካንኳኳ ወይ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይ መሃል ላይ ያለው ባለ 36 ዳዶ ላልቷል። ይህ ዳዶ 300 ኒውተን ሜትር ያህል መጥበቅ አለበት፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው ግማሽ ሜትር ርቆ ቢቆምበት ማለት ነው። ጎማው መሬት ነክቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ይጠበቅ። የፒኑ ቀዳዳ አልገጥም ካለ ጨምረህ አጥብቅ እንጂ አታላላ። በላላ ዳዶ የተነዳ ታምቡር የውስጥ ጥርሱ ይበላል፤ ከዚያ ታምቡሩንም ሻፍቱንም ትገዛለህ። ካምቢዮው ጎን ያሉትን የጎማ ሽፋኖችም እይ፤ ከተሰነጠቁ ዘይቱ በዚያ ያልቃል።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች የኋላ አክስላቸው የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው፤ ጎማው ጋ ሌላ መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ቀጥ እንዳለ ሳይሆን እያዘመመ ነው። ኩርባ ላይ ፈጥነህ ገብተህ በድንገት እግርህን ከቤንዚኑ ብታነሳ ኋላዋ ብድግ ይላል፣ የውጪው ጎማ ወደ ሥር ይታጠፋል፣ መኪናዋም ትገለበጣለች። ሰፊ ጎማ ሲገጠም ይህ አይሻልም፤ መሬቱን አጥብቆ ስለሚይዝ እንዲያውም ይብሳል። መድኃኒቱ ከአክስሉ ሥር በአግድም የምትታሰር አንዲት ባሌስትራና ደህና ሾክ አብዞርበር ነው። ሁለት ቦታ የሚታጠፈውን የኋለኛውን ዓይነት አክስል እንግጠምልህ የሚሉህ ይኖራሉ፤ ሻሲ መበየድና ካምቢዮ መቀየር ስለሚያስከትል ተዋቸው።

4. ቸርኬ። መጀመሪያ ቡሎን ቁጠር። እስከ 1967 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ድረስ ያሉት ባለ 5 ቡሎን፣ ክቡ 205 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ባለ 4፣ 130 ሚሊ ሜትር። ሶማሌ ተራ «የዲኤክስ ቸርኬ ባለ አራት ነው፣ ይገባል» የሚልህ አይጠፋም። የዲኤክስ 114.3 ነው፣ የላዳ 98። በሜትር ከቀዳዳ መሃል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሃል ለክተህ አሳየው። «መሃል የሚገባ ብረት አለኝ» ካለህም ይቅርብህ፤ ያ ብረት ጎማውን ወደ ውጭ ገፍቶ ሸክሙን ኩሽኔታው ላይ ይጥላል።

5. ጎማ በዓይን አይመረጥም፣ ይሰላል። 165/80 አር 15 ብትወስድ፦ 165 በ0.80 ተባዝቶ 132፣ ሁለት ጊዜ 264፣ የቸርኬው 15 ኢንች 381፤ ድምሩ 645 ሚሊ ሜትር። በየኮሮላው ሥር ያለው 195/65 አር 15 ደግሞ 634 ግድም ይመጣል፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ለኋላ ይሆናል። ነገር ግን ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ የፋብሪካው 4 ወይም 4.5 ነው። ለፊት 165 ይበቃሃል፤ መሪህ ኃይል የሚያግዘው አይደለም፣ ሰፋ ካደረግከው ስታቆም ክንድህ ይመሰክራል።

6. ጎማው ጎን ላይ በመጨረሻ የተጻፉትን አራት አሃዞች አንብብ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አሥር ዓመት የሞላውን፣ ቅባት ተቀብቶ ቢያብረቀርቅም፣ በነጻ ቢሰጡህ አትውሰድ፤ በተለይ በአዳማ ፈጣን መንገድ ልትነዳበት ካሰብክ።

7. ጎሚስታው አራቱንም እኩል 32 ይነፋልሃል፤ ልማዱ ነው። ከሥሩ ቁመህ የፊቱን 18፣ የኋላውን 27 በለው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሸክሙ ከኋላ ነው።

8. መኪናዋን ዝቅ አታድርጋት፤ የሰፈራችን ኮብልስቶን ሆዷን ይነካዋል። አልሙኒየም ቸርኬ ከወደድክ ግዛ፤ ወር በገባ በ21፣ በማርያም ቀን ግን ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጋ አታቁማት፣ ተጠጋግቶ በሚቆመው መኪና ሁሉ መሃል ከጠርዝ ጋር ሳትታከክ አትወጣም።

9. ተገጥሞ ሲያልቅ እስከ አያት ደርሰህ ተመለስ፣ ቸርኬው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ ደግመህ አጥብቅ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላም እንዲሁ። የማጥበቂያ ቁልፉ ከሌለህ የኔን ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ውሰድ።