ባዩ ላ ባትር፦ ሽሪምፕ የሚያድግበት ዝግተኛ ውኃ

በአሜሪካ የአላባማ ግዛት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ አንዲት ትንሽ ከተማን አቋርጦ ወደ ባሕር የሚገባ አጭር የውኃ መስመር አለ። ስሙ ባዩ ላ ባትር ይባላል፤ ከተማዋም የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። «ባዩ» የሚለው ቃል ከቾክታው ሕዝብ ቋንቋ በሉዊዚያና ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ በጠፍጣፋ ጠረፍ ላይ እጅግ ዝግ ብሎ የሚፈስስ ውኃን ያመለክታል።

ይህ ውኃ ከተለመደው ወንዝ በምን ይለያል? መሬቱ ተዳፋት የለውም ለማለት ስለሚያስደፍር፣ ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማው ውኃ ሽቅብ ይገፋል፤ ሲጎድል ተመልሶ ይወርዳል። በመሆኑም በባዩው አፍ አካባቢ የሚገኘው ውኃ የሁለቱ ድብልቅ ነው። በዳርቻው ጨው የሚቋቋሙ ሣሮች ይበቅላሉ። ሣሩ ሞቶ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎችና ጥቃቅን እንስሳት ይመገቡታል፤ ብስባሹና እነዚህ ፍጥረታት ደግሞ ለሽሪምፕ ምግብ ይሆናሉ።

የሽሪምፕ የሕይወት ዑደት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ቡናማው ሽሪምፕ እንቁላሉን የሚጥለው በባዩው ሳይሆን ርቆ በባሕሩ ውስጥ ነው። አንዲት እንስት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። እጮቹ ልዩ ልዩ የዕድገት ደረጃዎችን አልፈው ርዝመታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ በሚሞላው ባሕር እየተወሰዱ ወደ ረግረጉ ይገባሉ። ጥቅጥቅ ባለው ሣር መካከል ትልልቅ ዓሦች እንደ ልብ ሊያሳድዷቸው አይችሉም። ከጥቂት ወራት በኋላ አድገው ወደ ጥልቁ ባሕር ሲመለሱ የአጥማጆች መረብ ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ መረቡ የሚጣለው በባሕር ላይ ቢሆንም፣ ምርቱን ያሳደገው መንገደኛ እንደ ባዶ መሬት የሚያየው ያ ጭቃማ ሣር ነው።

የከተማዋ ነዋሪዎች ኑሮ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦይስተር በማጥመድና በማዘጋጀት፣ እንዲሁም ጀልባ በመሥራት ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ ከቬትናም፣ ከካምቦዲያና ከላኦስ የተሰደዱ ቤተሰቦችም ሥራውን ተቀላቅለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ትልልቅ ጀልባዎችን ከባዩው አውጥቶ ጫካ ውስጥ ጣላቸው። በ2010 የዲፕዋተር ሆራይዘን የነዳጅ ጉድጓድ ለ87 ቀናት ሲፈስስ ግን ጉዳቱ ሌላ መልክ ያዘ፤ ጀልባዎቹ ደኅና ሆነው ሳለ ማጥመጃ ሥፍራዎቹ ተዘጉ።

በባዩው አፍ፣ ላይትኒንግ ፖይንት በተባለው ሥፍራ፣ ረግረጉ በሞገድ እየተሸረሸረ ነበር። በ2020 በዚያ ሞገድ ሰባሪ የድንጋይ ክምሮች ተሠርተው፣ ከኋላቸው አፈር ተሞልቶ ሣር ተተክሏል። የኮንክሪት ግድግዳም መሬቱን ባዳነ ነበር፤ ሆኖም በግድግዳ ላይ ሣር አይበቅልም። በአዲሱ ረግረግ ውስጥ ጠባብ ቦዮች የተቀደዱትም ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውኃው፣ ከውኃውም ጋር እጮቹ እንዲገቡ ነው።