ለጡት ካንሰር የጎረቤት ኪኒን አይዋሱም

ኪኒን ከጎረቤት መዋዋስ በአርባ ምንጭም ሆነ በጫሞ ዳር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለጡት ካንሰር ግን ጭራሽ አይሆንም! ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመር፣ ዕጢው ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። የሚቀበል ከሆነ ታሞክሲፌን የሚባለው ኪኒን ሆርሞኑን ያግድበታል። ካልሆነ ኪኒኑ አይረዳም፤ ሌላ ሕክምና ይፈለጋል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት ዕጢዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሆርሞኑን የሚቀበሉ ነበሩ።

ለወሊድ መከላከያ የመጡ እናት፣ ጡትዎን ለካንሰር ታክመው ከሆነ ለነርሷ አስቀድመው ይንገሩ። ሆርሞን ያለባቸው ኪኒን፣ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው ለእርስዎ አይመከሩም። ታሞክሲፌን እየወሰዱ ማርገዝ ደግሞ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የመዳብ ሉፕና ኮንዶም ግን ሆርሞን የለባቸውም።